ስም የማይጠራው አዝማሪ

ይመር ልጁን በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው በራሱ ጣጣ ተወጥሮ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ኦስሎ፣ ግሮሩድ ሰፈር ውስጥ በአንድ ደረጃ፣ በር ለበር ነው የምንኖረው። ሚስቱ እታለም በሕይወት ሳለች «ሐና! ሐንዬ!» እያለች ስትጣራ ድምጿ ግድግዳውን አልፎ እኔ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። እሱ ግን «ልጄ» ነው፣ «አንቺ» ነው፣ ሲቆጣ ደግሞ «ይቺ ልጅ» ነው። እታለም ታማ ስትሞት ያ ስም ከዚያ ቤት አብሯት ወጣ። ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር።

እኔ አሰለፈች እባላለሁ። ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ውስጥ የሰው ልጆች አሳድጋለሁ፤ የራሴ የለኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ እዚህ የተወለዱትን የእኛን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከፊደል በፊት የማስይዛቸው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ስማችሁን ሲጠራ «አቤት» በሉ። አብዛኞቹ በኖርዌጅኛ «ያ?» ይላሉ፣ ወይም ጭራሽ ዝም ብለው ያፈጣሉ። ሐና ቶሎ ነበር የያዘችው። አንድ እሁድ ግን ጫማዋን እያሰረች፣ እኔ ላንቺ አቤት እላለሁ፣ ለአባዬ ግን ብዬ አላውቅም አለችኝ። ለምን ስላት «አይጠራኝማ» አለች። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው።

ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። በሱዳን በኩል አድርጎ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ሥራው አውቶቡስ ማጠብ ነው። አገር ቤት አዝማሪ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ሳሎኑ ውስጥም ማሲንቆ አለ። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሰቀለው፤ ለእንግዳ የሚታየው ጀርባው ነው። ለሰርግ፣ ለክርስትና ተጫወትልን ሲባል፣ እጄን ብርድ በልቶታል ይላል። በዚህ አገር ብርድ ለማንኛውም ነገር ሰበብ ስለሚሆን የሚከራከረው የለም። እኔ ግን አላመንኩትም። ብርድ የበላው እጅ ያን ያህል አውቶቡስ አያጥብም።

አንድ ሌላም ጠባይ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሸምገል ያለ አበሻ ከኋላው ሲናገር ይደነግጣል። ዞር ብሎ አያይም። እዚያው በቆመበት ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥና ሰውዬው ተናግሮ ሲጨርስ ትከሻው ይረግባል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐና አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ትቬይታ የሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራየች። በዚያ ጊዜ የኮሪያ ፊልም ፍቅር ይዟት ነበር፤ ያውም የዛሬውን ሳይሆን የጥንቱን፣ የንጉሥና የቤተ መንግሥቱን። ኮሪያ ሲባል እኔ የማውቀው የዘመተውን አጎቴን ነው፤ እሱም ከጦርነቱ ይልቅ የሚያወራው ስለ ብርዱ ነበር። እሷ ግን ቁጭ አድርጋ፣ ይሄ ንጉሥ ነው፣ ይቺ እናቱ ናት፣ ይሄኛው ሊመርዘው ነው እያለች ታሳየኛለች። ከሁሉም የምትወዳቸው በየገበያው እየዞሩ ገመድ ላይ የሚሄዱትን፣ ጭምብል አጥልቀው ሹማምንቱን የሚቀልዱባቸውን ድሆች ነው። አዝማሪዎች ናቸው እኮ እትዬ፣ እንደ አባዬ፣ ትለኛለች።

በ2008፣ በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ መከር ላይ ሰርጓ ተቆረጠ። ፋኑኤል የሚባል እዚሁ የተወለደ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰርጉ ለጥር። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥታ የልቧን ነገረችኝ። ከአባቷ የምትፈልገው ሌላ ምንም ነገር የለም፤ ሰርጓ ላይ ማሲንቆውን ይዞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ስሟን አንድ ጊዜ እንዲያነሳላት ብቻ ነው። ጠይቃው ነበር፤ እጄን ብርድ በልቶታል አላት። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ያ ነው ያስፈራኝ፤ ካሁን በኋላ ከጠየቀችው የመጨረሻዋ እንደሚሆን ከፊቷ ላይ አነበብኩት።

ልቡን ያለሰልስልኛል ብላ ይሆናል፣ መሀል ከተማ የእስያ ፊልም ሳምንት ሲደረግ ሁለታችንንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ወሰደችን። እሷ በአንድ ጎኑ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ገበያ ለገበያ የሚዞሩ ተጫዋቾች አሉ፤ ከመሀላቸው አንዱ ጭምብል ለባሽ ነው፣ አንዲት ታናሽ እህቱ ከበሮ ትመታለች። ዝናቸው ተሰምቶ ቤተ መንግሥት ይወሰዳሉ። ንጉሡ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ነው የሚያያቸው፤ ፊቱ አንዴም አይታይም። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ሳጥን ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ አዲስ የተቀረጸ ጭምብል አለ። ተጫዋቹ የማን መልክ እንደሆነ ሳያውቅ ያጠልቀውና ይወጣል፤ መኳንንቱ አይተው ያውቁታል፣ ይስቃሉ። ከሚስቁት መሀል አንዱ ቀስ እያለ ሳቁን ያቆማል። በማግስቱ የዚያ ሰው ጫማ በሩ ላይ ብቻውን ይታያል። ሌላ ምንም አያሳዩም።

ሳጥኑን የሚያቀብለው ባሪያ በሰጠ ቁጥር አንድ ቃል ይናገራል። ከስር የተጻፈው ኖርዌጅኛ «ታ ኢሙት» ይላል። ተቀበል ማለት ነው።

ይመር ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ አነበበው። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከፍ አድርጎ፣ በሦስተኛው በአማርኛ «ተቀበል» አለ፤ ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ሐና ክንዱን ያዘች። እኔ ያየሁት ግን ግራ እጁን ነው። ጉልበቱ ላይ ሆኖ ጣቶቹ የማሲንቆ ጭራ እንደሚጫን ሰው ይነሳሉ ይወድቃሉ፤ እሱ ግን አያውቅም። አዳራሹ ሞቃት ነበር፤ እኔን በረደኝ።

መጨረሻ ላይ ተጫዋቹ ሳጥኑን ሲከፍት ያገኘው የእህቱን መልክ ነው። ክዳኑን መልሶ ዘጋውና በባዶ ፊቱ ወጣ። አልዘፈነም፣ አልቀለደም። ግቢው መሀል መጋረጃው ፊት ቆመ። መጋረጃው አልተገለጠም፤ ፊልሙም እዚያው ላይ አለቀ። እኔ ይሄም መጨረሻ ሆኖ ብዬ ተበሳጨሁ። ሐና ዓይኗን ትጠርጋለች። ይመር ግን መብራቱ ከበራ በኋላም ባዶውን ሸራ እያየ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ «ማነው የነገራቸው?» አለኝ።

ቶየን ጣቢያ ላይ ሐና ወደ ትቬይታ የሚሄደውን ባቡር ለመያዝ ወረደች። እኛ ወደ ግሮሩድ ቀጠልን፤ ያን ቀን ነው ያወራልኝ። በዕድሜ እኩያ ነን፣ ስንት ዓመት በር ለበር ኖረናል፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ንጉሥ ወርዶ ጓድ በወጣበት ዘመን ይመር ወሎ ውስጥ፣ አንዲት ከተማ ጠጅ ቤት ይጫወት ነበር። የአዝማሪ ጉብዝናው አንዱ መቀበል ነው። ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሳያቅማማ፣ ያንኑ በዜማ ለቤቱ ያሰማል። ማሰብ የሚባል ነገር የለም፤ ካሰበ ምቱ ያመልጠዋል። ይመር በዚህ የታወቀ ነበር። ከዚያ ለከተማዋ አዲስ ሹም መጣ። ሹሙ ጠጅ ቤቱ ሲመጣ በጓሮ በር ገብቶ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ባለችው ክፍል ይቀመጣል። መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ፊቱን ያየው የለም። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም። አንድ ቀን ከዚያ ጀርባ ተቀበል አለና ይህን ሰጠው፦

ከሰው መሀል ገብቼ ሰው መርጬ አየሁ፣
እንደ ግዛው ያለ የት አገር አገኘሁ።

ግዛው አስተማሪ ነው፤ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ኮርቶ ተነሳ፣ እስክስታ ወረደ፣ ቤቱ አጨበጨበለት። በማግስቱ ከቤቱ ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ይመር ነገሩን አላገናኘውም። ቀጥሎ ያው ግጥም በልብስ ሰፊው በዘካርያስ ስም መጣ፤ ዘካርያስም ተወሰደ። ያኔ ገባው። ታምሜያለሁ ብሎ ቤቱ ቢቀር ወታደር ልከው አስመጡት። ከዚያ ወዲያ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ የሰው ፊት ይገረጣ ጀመር፤ ተነስቶ መውጣትም ያስጠረጥራልና ሁሉም እያላበው ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሙ ወንድይራድ ከገጠር ሊጠይቀው መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ድምፁ ተቀበል አለ። የሰጠው ስም የወንድይራድ ነበር።

«አፌ ቀደመኝ» አለኝ ይመር። «ከልጅነቴ የለመድኩት ስም ነው። ጆሮዬ ሰማው፣ አፌ አወጣው፣ እኔ የደረስኩት ከሁለቱም በኋላ ነው።»

ሐና ስትወለድ ስሟን ያወጣችው እታለም ናት። እሱ ደግሞ በዚያው ቀን አፉ ያን ስም እንዳይለምደው ማለ። ያልለመደውን ስም ቢሰጡት ይደናቀፋል፤ ሲደናቀፍ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሳይጠራት የኖረው ለዚህ ነው።

እንባዬ መጣ፣ ቁጣዬም መጣ። ሰውዬው ይሄኔ ሞቷል፣ ይሄ ኦስሎ ነው፣ የምን መጋረጃ አመጣህ አልኩት። ይመር በመስኮቱ የሚያልፈውን ጨለምለም ያለ ጫካ እያየ «ፊቱን አላየሁትም እኮ» አለ። «መሞቱን በምን አውቃለሁ? ከጎኔ ቢቀመጥስ በምን አውቃለሁ?» ባቡሩ ውስጥ ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ኖርዌጂያዊ ነው። ቢሆንም ዞሬ አየሁት።

ለልጅህ ንገራት ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ፤ ከነገርኳት ትሸከመዋለች፣ በሰርጓ ዋዜማ የሰው ሬሳ አላሸክማትም አለ። ከባቡር ስንወርድ ግን ቆም ብሎ፣ ያ ተጫዋች በባዶ ፊቱ ወጣ አይደል አለኝ። እንግዲያው እሱም ይወጣል። ማሲንቆውን ይጫወታል፣ በራሱ ግጥም ይዘፍናል። አንድ ነገር ብቻ፣ ማንም ሰው ተቀበል እንዳይለው።

ሰርጉ በጥር፣ ሮመን ባለ አንድ አዳራሽ ተደረገ። ውጪው በረዶ ነው፣ ውስጡ የሰው ሙቀት። የፋኑኤል አጎት ኢተፋ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ዛሬ ለአዝማሪያችን ግጥም መስጠት ክልክል ነው ብሎ አወጀ፤ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ይመር ነጭ በነጭ ለብሶ መድረኩ ጫፍ ላይ ወጣ። ከኋላው ጠቆር ያለ ቀይ መጋረጃ ተዘርግቷል። ያን መጋረጃ ሳየው ደስ አላለኝም፤ ግን ምን ብዬ አስነሳዋለሁ?

ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ዓመት ግድግዳ ሲያይ የኖረ ማሲንቆ እንዲህ ይናገራል ያለ አልነበረም። ለእታለም ገጠመ፣ ለሙሽራው ገጠመ፤ «ልጄ» አለ፣ «ሙሽራዬ» አለ። ሐና ሂና የተቀባ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ከእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ስሟን ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ።

ያኔ ነው ከመድረኩ በኩል ድምፅ የመጣው። ድምፁ አልጮኸም። የሸመገለ ሰው ድምፅ ነው፣ ለስላሳ፣ የማይቸኩል።

«ተቀበል። ከሰው መሀል ገብቼ ሰው መርጬ አየሁ፣ እንደ ሐና ያለ የት አገር አገኘሁ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሐና ቀና አለች፤ እንዲያ የበራ ፊት አይቼ አላውቅም። ደጋኑ ጭራው ላይ ሄዷል፣ የይመር አፍ ተከፍቷል፣ የመጀመሪያው ስንኝ ወጥቷል። ለእንግዳው ጀርባውን ሰጠና ወደ መጋረጃው ዞረ። ትንሽ ተደናቀፈ፤ ከእኔ በቀር ያየው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ እንዲህ ሲል ለመጋረጃው ዘፈነ፦

እንደ ይመር ያለ የት አገር አገኘሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዝማሪው በልጁ ሰርግ ራሱን አወደሰ! ኢተፋ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሐና አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ እጇን አየች። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ በጎን በኩል መጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ሰው የለም። ወንበሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። አንድ ወንበር ብቻ ወርዶ፣ መጋረጃው ከሚገጥምበት ስንጥቅ ፊት ለፊት ተቀምጧል። መቀመጫውን በእጄ ነካሁት፤ ሞቅ ብሎ አገኘሁት። ማሞቂያው ከጎኑ ስለነበር ሊሆን ይችላል።

ማን ነው የሰጠው ብዬ ስጠይቅ አንዱ በሌላው ያመካኛል። ኢተፋ፣ ከሙሽራው ወገን ነው መሰለኝ አለ፤ የሙሽራው ወገን፣ ከእናንተ አይደል እንዴ አለ። ግጥሙን የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀው ይሆናል፤ ክልከላውን ያልሰማ አንድ ሰካራም ይሆናል። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ፊቴን ሳልታጠብ በሩን አንኳኳሁ። ወዲያው ከፈተ። ካፖርቱን ለብሷል፣ የበረዶ ጫማውን አጥብቆ አስሯል፤ ትንሽ ሻንጣ እግሩ ስር አለ። ቤቱ ተወልውሏል፣ የቤቱ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ወዴት ነው ስለው «እስኪመጡ ነው» አለ። በእሷ ስም ፈንታ የራሱን ሰጥቷል፤ የሚወስዱት ጠዋት ነው። አንቺ ሂጂ፣ ከእኔ ጋር እንዳያገኙሽ አለኝ። ፈራሁ፣ ስፈራ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ የሚመጣ እስኪ ይምጣ ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ቀስ እያለ ነጣ።

ታች የሕንፃው በር ተከፈተ። እግር ደረጃውን ይወጣ ጀመር፤ አይቸኩልም። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማላምነው ሴትዮ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ደወሉ ጮኸ። ይመር ተነሳ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ ሻንጣውን አነሳና በሩን ከፈተ።

ሐና ናት። ነጠላዋ ላይ በረዶ አለ። ግቢ ቢላት በኖርዌጅኛ «ናይ»፣ አልገባም አለች፤ ደፍ ላይ ቆማ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው አባዬ፣ ከዚያ እሄዳለሁ። የማላውቀው ሰው ስሜን አንስቶልኝ፣ አንተ በራስህ ቀየርከው። ስሜ ምን አደረገህ?»

በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ደረጃውን ወደ ታች አየ፣ ወደ ላይ አየ። ማንም የለም። የደረጃው መብራት ሰዓቱ ሞልቶ ጠፋ፤ እሷ ሳትዞር እጇን ልካ መልሳ አበራችው። ያኔ ፊቷን አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ባርነሃገ ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚሞክሩ ሕፃናት እንዲህ ያደርጋሉ።

«ሐና» አለ።

ልጅቷ ያን ሁሉ ንዴት ይዛ እንደቆመች አፏ ተከፈተ። ምን ልትመልስ እንደመጣች አላውቅም፤ የወጣው ግን እኔ ያስተማርኳት ቃል ነው።

«አቤት» አለች።

እሱም ደገመው፣ እሷም ደገመችው። ከዚያ እጅጌዋን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባትና በሩን ቆለፈ። ሻንጣውን ግን ገና አላስቀመጠውም ነበር።